የግራው እጅጌ

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ዓይኔ በመነጽር አሁንም ክር በመርፌ ያሾልካል። እናትሽም ጀርባዬን ከማለት በቀር ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች ብዬ እንዳልጽፍ አላለችኝም፤ እንደምጽፍልሽም አልነገርኳትም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። በስልክ የሚላክ አራት መስመር ደብዳቤ አይባልምና እኔ በወረቀት እመልሳለሁ። ካፖርቱ የእኔ የልጅዎ ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ብለሽ ጠይቀሻል። ዕድሜሽን ሙሉ አባዬ፣ አንተ ስትይኝ ኖረሽ በአራት መስመር አንቱ አደረግሽኝ። አክብሮት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም እንጂ ነገር አይጠፋኝም። ያ የእኔ ቪዲዮ ከወጣ ወዲህ ደንበኛ የሱቅሽን ደፍ እንዳልረገጠ፣ ያዘዙትም ሰዎች እንደ ሰረዙ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ስምሽ ካልተመለሰ በሩን እንደምትዘጊ ነግረሽኛል። ለዚህም ብለሽ አንቺም ቻናል ከፍተሻል፤ ሰው ዓይኑ እያየ ሰፍተሽ ልታሳዪ።

ቪዲዮሽን አየሁት። አሥራ ሰባት ጊዜ ታይቷል ይላል። ከአሥራ ሰባቱ አራቱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ብዙ ደስ አይበልሽ።

መስኮቱን ከጀርባሽ አድርገሽ ስለ ተቀመጥሽ ፊትሽ ከሰል መስሏል። ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ ብለሽ ጀመርሽ። ቤተሰብሽ እኔና እናትሽ ነን፤ እነዚያን ሰዎች በመንገድ ብታገኚያቸው አታውቂያቸውም። ከዚያ ስለ ሕልምሽ አወራሽ። ሕልምሽን ማን ጠየቀሽ? መርፌ የታየው በዘጠነኛው ደቂቃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የታየው ጥርስሽ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሙዚቃ ለጥፈሽበታል፤ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያህል ነገር እያለ። ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ የሠርግ ቤት አስተናጋጅ? እንደዚህ ከቀጠልሽ ሱቅሽን የምዘጋው እኔ ሳልሆን የምትዘጊው አንቺው ነሽ።

እኔ እንዴት እንደ ጀመርኩ ከሌላ ከምትሰሚ ከእኔው ስሚ።

ስፌት ማንም እንዳላስተማረኝ ታውቂያለሽ። የሞተ ሰው ኮት ገዝቼ፣ ተርትሬ፣ መልሼ ሰፋሁት። አሥራ አንድ ጊዜ። በአሥራ ሁለተኛው ጨርቁ እምቢ አለ እንጂ እኔ አልደከመኝም ነበር። ስልኩንም የለመድኩት እንደዚያው ነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ ጋሼ ላሳይዎት እንዴ ቢለኝ፣ አንተ ጢም አሳይ አልኩት። በመጀመሪያው ቪዲዮዬ ስልኩን አዙሬ ይዤው ኖሮ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሆዴን ቀረጽኩ። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ከመብራቱ ዘንግ ጋር በሱሪ ላስቲክ አሰርኩት። እስከ ዛሬ ያ ላስቲክ ነው ያለው።

መጀመሪያ የኮሌታ አሠራር አሳየሁ። ቀጥሎ ቁልፍ አተካከል። ሦስተኛው የክር ነገር ነው። ስፌት በራሱ ጊዜ ደክሞ ሲበጠስ የክሩ ጫፍ ይበተናል፣ ፀጉሩ ይቆማል፤ ስለት ሲያርፍበት ግን ጫፉ ልሙጥ ነው፣ የተላጨ ይመስላል። ነጭ ወረቀት ላይ በአጉሊ መነጽር ላየው ሕፃንም አይሳሳተውም። ይህን ለአንቺ ያስተማርኩሽ በዘጠኝ ዓመትሽ ነው፤ ያ ወፍራሙ ደንበኛ ሱሪውን በምላጭ ቆራርጦ ስፌትህ ለቀቀ ብሎ የመጣብን ጊዜ። ክሮቹን ለይተሽ በፊቱ የደረደርሽለት አንቺ ነበርሽ። ሰውዬው ሱሪውን ታቅፎ ሲወጣ ትዝ ይለኛል። እና ይህንን ቪዲዮ ዘጠኝ ሰው አየው። አንዱ፣ ሽማግሌው እንቅልፍ ለማምጣት ጥሩ ነው ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ አንድ ሰው ወገቡ እንዲሰፋለት ኮት አመጣ። ስልኩ እየቀረጸ ገበሩን ስከፍተው በመርፌ ሳይሆን በማጣበቂያ ተለጥፏል። ደሜ ፈላ። ካሜራውን ረሳሁት። ይህን የሠራ ሰው መርፌ ያስቀምጥና ማንኪያ ይያዝ፣ እሱንም አፉን ካገኘው ነው አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ሳቁ እንባውን አመጣው፤ ይህን ካልጫኑት ሁለተኛ ጢምዎን አልነካም አለኝ። ጫንኩት። ምሳዬን በልቼ ስመለስ የሰፈራችንን ሰው የሚያህል አይቶታል። በሳምንቱ ስልሳ ሺህ ሆነ።

ዳኛው ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ ጋሼ ዳኛው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ይሰቅላሉ ይለኝ ነበር። ሰዎች ልብስ መላክ ጀመሩ፤ ፍረዱልን እያሉ። ተረተርኩ፣ ፈረድኩ። አንድ ልብስ ሰፊ ደውሎ አለቀሰ። ልጆች አሉኝ፣ እንጀራዬን ዘጉብኝ አለኝ። ልጆች ካሉህ ለእነሱ ስፋላቸው፣ እነሱ አይመርጡም አልኩት። አልተጸጸትኩም። መጥፎ ስፌት መጥፎ ስፌት ነው፤ የሰፋው ሰው ስላለቀሰ አይጠነክርም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በክር ጉዳይ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ደህና ሱሪ መጣልኝና አመሰገንኩት። ያየው ሰው ሦስት መቶ አይሞላም። ዳኛው ታመመ እንዴ፣ ዳኛው ጉቦ በላ፣ ዳኛውን መልሱልን እያሉ ጻፉ። ይህን ያዢው፤ ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ሰው ጥሩ ስፌት ለማየት ወንበር አይስብም። የሆነ ሰው ሲዋረድ ለማየት ግን ቆሞም ያያል። አስጸያፊ ነው። እኔም መጸየፌን ሳልተው በየጠዋቱ ቁጥሩን አያለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ግራጫው ካፖርት በፖስታ መጣ። የላከችው ሴት፣ ከአዲስ ሱቅ የገዛሁት ነው፣ ሁሉም ያደንቀዋል፣ እስቲ ዳኛው ይዩት ብላለች። ሳልከፍተው ለሰው ነገርኩ፤ ነገ ብዙ የተወራለት ካፖርት ይታያል ብዬ። በማግሥቱ ጠዋት ከመቅረጼ በፊት እንደ ልማዴ ብቻዬን ላየው ዘረጋሁት። የታችኛውን ጠርዝ ስገልጥ ስፌቱ ወደ ግራ ያዘማል። ግራኝ ነሽ። በልጅነትሽ ጣትሽን በማስመሪያ እየመታሁ ላቃናው ሞክሬ ያቃተኝ ስፌት ነው፤ ከሺህ ስፌት መሀል እለየዋለሁ። የሱቅሽን ምልክት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሱ አውቅ ነበር ነው። ከመጀመሪያው ስፌት።

ከእኔ ዘንድ የወጣሽ ቀን ደንበኛ ፊት ምን እንዳልኩሽ አንቺም አልረሳሽም፣ እኔም አልረሳሁም። ብቻሽን አንድ እጅጌ መግጠም አትችይም፣ በስድስት ወር ውስጥ እያለቀስሽ ትመለሻለሽ አልኩሽ። ስድስት ዓመት ሆነሽ። አልተመለስሽም።

ካፖርቱን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት አየሁት። ኪሶቹን በማስመሪያ ለካሁ፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። ገበሩን ገለበጥኩ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ስፌት በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ትከሻውን በእጄ ላይ አልብሼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ስለ ኮሌታው አልናገርም። ስልኩ እየጮኸ ነበር፤ ዳኛው የት ገባ፣ ፍርዱ ዘገየ፣ ካፖርቱ አሸነፈህ እንዴ እያሉ ይጽፋሉ። ካፖርቱ አሸነፈህ እንዴ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እናትሽ ሻይ ይዛ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ካፖርቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ የግራው እጅጌ መግጠሚያ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ፊቴን አላየችም፣ እጄን ነው ያየችው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ አስቀምጣው ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ አምጥታልኝ አታውቅም። ስጠራት አቤት ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

ከዚያ ካሜራውን ከፈትኩ። የቀረውን አንቺም አይተሽዋል፣ ከአራት መቶ ሺህ ሰው ጋር። በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው እጅጌው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። እጅጌ መግጠም የማይችል ሰው ደግሞ ሱቅ ይከፍታል አልኩ። የሱቅሽን ስም ጠራሁ፤ ፊደል በፊደል። ሳቅሁም። እኔ እንደማልስቅ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን ሳቅሁ፣ ተቀርጿል።

ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም። ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ፣ ጋሼ፣ የልጅቷ ሱቅ አይደለም እንዴ አለኝ። አንተ ጭንቅላት ላጭ፣ ፍርድ ለዳኛ ተው አልኩት። አሁን በማዶ በኩል ነው የሚያልፈው። ጢሜም አድጓል።

እናም ልጄ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይቅርታ የሚል ቃል ስትፈልጊ ዓይንሽን አታድክሚ። የለም። ያንን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም፤ አሁን በስተርጅና ብጀምረው አፌ ላይ አያምርም። ሌላ ነገር ነው የምልክልሽ።

ካፖርቱ ከደብዳቤው ጋር ነው። የላከችው ሴት እንዲመለስላት አልፈለገችም፤ ማን ይለብሰዋል አለች። ከቀረጻው በኋላ አጣጥፌ በወረቀት ጠቅልዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም አልነካሁት፣ ማንም አልነካው። የግራው እጅጌ ለብቻው ነው። ክሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን፣ አንዱንም አልነቀልኩም። አመልሽን ስለማውቅ ነው የምነግርሽ፤ የተከፈተ ስፌት አይተሽ እጅሽ አያርፍም። እንዳትሰፊው። እንዳትነኪው። በመጀመሪያ መስኮቱን በግራሽ አድርጊ። ስልኩን ከላይ ወደ ታች እሰሪው፤ ላስቲክ ከሌለሽ ግዢ። ከሥር ነጭ ወረቀት አንጥፊ። አጉሊ መነጽርሽን አውጪ፤ ያኔ የሰጠሁሽን።

ቤተሰቦቼ ብለሽ እንዳትጀምሪ። እንዳትስቂ። እንዳታለቅሺም፤ ያለቀሰ ሰው ሥራ አይታይም። አባቴ ነው እንዳትዪ። አባቴ ነው ካልሽ ያዝኑልኛል፤ የማንንም ሐዘን አልፈልግም። ያን ሦስተኛውን የእኔን ቪዲዮ አስቀድመሽ አሳዪ፤ ዘጠኝ ሰው ያየውን። አላጠፋሁትም። አጥፋው አጥፋው ብሎኝ ነበር ልቤ፣ አላጠፋሁትም። ከዚያ የግራውን እጅጌ አምጪና ጫፎቹን አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ደርድሪ፤ በዘጠኝ ዓመትሽ እንደ ደረደርሽው። ምንም አትናገሪ። ሰው ለማየት የሚፈልገውን ነግሬሻለሁ፤ ቆመውም ያዩታል። ከእኔ አራት መቶ ሺህ ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ። የእኔ ግምት በቁጥር ጉዳይ አይስትም።

ስትጭኚው ደውለሽ እንዳትነግሪኝ። ፀጉር አስተካካዩ ይነግረኛል፤ ያን ቀን በዚህኛው በኩል ያልፋል።

የታችኛው ጠርዝ ስፌትሽ አሁንም ወደ ግራ ያዘማል፤ አስተካክዪው። ኮሌታው ላይ የሚባል ነገር የለኝም። ሁለት ሰዓት ፈልጌ ነው የለኝም የምልሽ።

እጅሽን ከመንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽን ከመፍዘዝ ይጠብቅልሽ። የሱቅሽን በር ክፍት ያድርገው። ለተመልካች ብለሽ ክር የምትነኪበትን ቀን አያምጣብሽ።

አንተም በይኝ አንቱ፣
አባትሽ