ጽዋው እና ግዝቱ

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ
ብቅሉ ደርቋል። ጌሾው ገና አልተወቀጠም። የጥር አቦ ጽዋ ተረኛ እኔ ነኝ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። ጎረቤቴ ወ/ሮ አልማዝ በአጥር ብቅ ብላ፣ ያንቺን ጠላ እያሰብኩ ለገና እንኳ አልጠምቅም አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ እጄ ሥራውን ተወ።
ብሩክ አለ። ልጄ። ጎፋ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ከጥቅምት ወዲህ አልቀመሰም፤ የንስሐ አባቱ መጠጥ እንዳይነካ ገዝተውታል። እሱ በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ጠላ ልጥመቅ? ማስታወሻዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ
መ/ቅዱስ ሳነብ ዋልኩ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፣ ከብሩክ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ። አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ወይን በጽዋ ውስጥ ሲያብረቀርቅ አትየው፣ ኋላ እንደ እባብ ይነድፋል የሚለውን ድሮም አውቀዋለሁ። እሱ ለጠጪው ነው። ዛሬ ዕንባቆም ላይ ሌላ አገኘሁ። ወዮታው ለሚያጠጣው ነው። ቀድቶ ለሚሰጠው። ጣቴን ከገጹ አነሣሁ።
የብሩክ አባት ግሮሰሪ ጠጥቶ መንገድ ላይ ሲወድቅ፣ ውጭ ከሚጠጣ ቤቱ ይጠጣ ብዬ ጠላ መጥመቅ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ብልህ ሚስት አለኝ። እስኪሞት ቀዳሁለት። ጉበቱ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ብሩክ ይህን አያውቅም። ልጅ ነበር።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ
ቆረጥኩ። ብርዝ ነው የማቀርበው። ማርና ውሃ፤ ጌሾ የለ፣ ስካር የለ። የማኅበሩን ሰብሳቢ ሙሴ ነው የምንለው፤ ለሙሴያችን ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። ጢማቸውን አሹ። በረከቱ ከጸሎቱ እንጂ ከጌሾው አይደለም አሉ። እፎይ።
አልማዝ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፦ «እንግዲያው ጡጦም አዘጋጂልን።» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ።
ብሩክ ሲሰማ ከፋው። በእኔ ምክንያት ሰው አይሳቅብሽ አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፦ «ደግሞ እማዬ፣ ጽዋ እኮ መጠጥ አይደለም፤ በረከት ነው። አንድ ጉንጭ ብቀምስ ግዝቱን አይነካውም።»
አባቱም ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ስም ነበረው። አንዱ ለምግብ ማወራረጃ፣ አንዱ ለእንቅልፍ። ፈራሁ።

ጥር 3፣ እሑድ
ነገ ወጥ ስለምሠራ ብርዙን ቀድሜ ዛሬ በጠበጥኩ። ሌላ ትልቅ ዕቃ ስለሌለኝ የድሮውን የጠላ ጋን አወጣሁ። አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት። ብሩክ እጅጌውን ሰብስቦ ማሩን አማሰለልኝ። የጋራዡ ግሪስ እንዳይገባበት ብዬ እጁን ደጋግሜ አስታጠብኩት፤ ሙሽራ አደረግሽኝ አለ። እንዲህ አብረን ከሠራን ስንት ጊዜያችን። ደስ ብሎኛል።

ጥር 5፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ
ሞኝ ነኝ። ጠላ ሲጠመቅበት የኖረ ጋን እርሾው ከገላው አይወጣም። ብርዙ ፈልቶ የሚያሰክር ሆኗል። ክዳኑን ብከፍት አረፋ። ምላሴን ነከሰኝ። ዕድሜዬን ጠማቂ ሆኜ ይህን እረሳለሁ?
ብሩክ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ጣሳው እርጥብ ነው። ጋኑ ጎድሏል፣ ከአንድ ጣሳ በላይ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ። ጋራዥ ደወልኩ፤ አልገባም አሉኝ።
የቀረውን ደፋሁት። ግቢው ማር ማር ይሸታል። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ እየወጣ ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ፣ ጠዋት
ትናንት ጽዋውን ውሃ ሞላሁት። የሆነውን ለሙሴ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ውሃው ይቅረብ አሉ። ቄሱ ባረኩት፣ ሁሉም ተጎነጨ። አልማዝ እንኳ ሳትቀልድ ተጎነጨች። ሰው ሲሄድ ቀርታ ዕቃ አጠበችልኝ። ሳህን እያለቀለቀች፣ ብሩክን በሁለት ሰው ተደግፎ ወደ ፉሪ ታክሲ ሲገባ ማየቷን ነገረችኝ። ማኅበሩ ፊት አላነሣችውም። እግዜር ይስጣት።
አሁን የብሩክ ጓደኛ ደወለ። እሱ ቤት ነው ያደረው፣ ፉሪ። ግዝቴን አፍርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፣ ቤት አልመለስም እያለ ነው። ማታውን ሲያለቅስ ነበር አለኝ።
የመጀመሪያውን ጣሳ ብርዝ ብሎ ነው የጠጣው። ሁለተኛውን አውቆ። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ አልዋሽለትም። ግን ጋኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብቻውን ተሸክሞት አይሄድም።
ሄጄ እነግረዋለሁ። የጋኑን ብቻ ሳይሆን የአባቱንም። ከዚያ ንስሐ አባቱ ዘንድ አብረን እንገባለን፤ መጀመሪያ የምናገረው እኔ። ላይሰማኝ ይችላል። አባቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ ሊለኝም ይችላል። ይበለኝ። ቤቱ ይመለስ እንጂ።
ነጠላዬን ለብሻለሁ። ከመካኒሳ ፉሪ ሩቅ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ገና አላውቅም።