ከንባብ ክፍል እንዳይወጡ ስለተፈረደባቸው ብስክሌቶች

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ
የሐይቅ ዳር ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ዱዓዬ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያበጠው እግራችን ብቻ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ለሕዝብ በነፃ እንዲያውሳቸው የአገር ልጆች አዋጥተው የላኳቸውን ብስክሌቶች እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለጠበቁልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። በጦርነቱ ከከተማችን ያልተዘረፈ ዕቃ የለም፤ እርስዎ የተረከቡትን ግን ሌባ ቀርቶ የተላከለት ሕዝብ እንኳ አልነካውም።

ሆኖም በታላቅ ትሕትና፦

፩. ደንባችሁ «ቁጥሩ ጥቂት የሆነ መጽሐፍ ማጣቀሻ ነው፣ ከንባብ ክፍል አይወጣም» ይላል አሉ። ብስክሌቶቹም ጥቂት ናቸውና በየኮርቻቸው ላይ «ማጣቀሻ» የሚል ማኅተም አሳረፉባቸው። ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥልቅ አእምሮ እስከ ውጫሌ ቢፈለግ አይገኝም።

፪. እኔም ደንብ አክባሪ ነኝና አንዱን እዚያው ክፍሉ ውስጥ በጠረጴዛዎቹ መሀል ነዳሁት። ወላሂ፣ ከበሩ አላለፍኩም! እርስዎ ግን ደወሉን ስላንጫረርኩ ጸጥታ አደፍርሰሃል ብለው አገዱኝ። ለካ ብስክሌት የሚነበበው በዝምታ ነው።

፫. ታናሽ እህቴ ኢንሳፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ተዘግቶ ስለከረመ ማካካሻው የሚያልቀው ሊመሽ ሲል ነው፤ ባጃጁ በነዳጅ እጦት ቆሟል፤ ቤታችን ከሐይቁ ወዲያ ጫፍ ነው። ባለፈው ሐሙስ አባታችን ባትሪ ይዞ ሲፈልጋት አምሽቶ፣ ዳግመኛ ከጨለመባት ትምህርቱ ይቅርባት ብሎ ቁርጡን ተናገረ። በብስክሌት ብትሆን ጀምበር ሳትጠልቅ ትገባ ነበር። ይህንኑ ልትነግርዎ ስትመጣ ወንበር ስበው፣ ከፈለገች ቁጭ ብላ ብስክሌቱን እንድታየው ስለፈቀዱላት ቤተሰባችን በሙሉ እጅ ይነሳል።

፬. ጎማዎቹ ተንፍሰዋል። ይህም ደንብ ይኖረው ይሆናል።

ላልሰጡን አገልግሎት ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የማመሰግንዎ፣

ኑርዬ እንድሪስ
ዘጠነኛ ክፍልን ከመውደዱ የተነሳ ሁለት ጊዜ የተማረ፣ የታገደ አንባቢ

ግልባጭ፦
ለመስጊዱ በር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ለባጃጅ መቆሚያው

ልረሳው ነበር፦ ብስክሌቱ ወደ ኢንሳፍ መምጣት ካልቻለ ኢንሳፍ ወደ ከተማ ትግባ ብሎ ቤተሰቡ ተስማምቷል። ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ቤት የእርስዎ ስለሆነ፣ አባታችን ሰኞ ፍራሿን ተሸክሞ ደጅዎ ይደርሳል፤ እስከ ፈተናው እርስዎ ዘንድ ናት። ሥጋውን እኛ እያሳረድን እንልካለን፤ የቀረው ከእርስዎ ነው። ባለቤትዎ እትዬ ተሻለችም «ልጄ ትምጣ» ብለው የምትተኛበትን ክፍል አሳይተውናል፤ ሰፊ ነው፣ ኮትዎ እዚያ ተሰቅሏል። እርስዎ የት እንደሚያድሩ ግን አልነገሩንም።