የወንድሜ ስም ከውሻዬ ላይ ይነሣ

እኔ የዚህ ቃል ባለቤት፣ በሙያዬ መስታወት ቆራጭ፣ በዕድሜዬ ሰባ ሦስተኛ ዓመቴን የያዝሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በመኝታ ክፍሌ በትራስ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። ሳንባዬ ደክሟል፤ እግሬም አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኛል። አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ለዚህም ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይመስክር፤ ትናንት ዳማ ስንጫወት ሲያጭበረብር እጁን ይዤዋለሁና።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስትና ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር። ቃሌን የሚጽፈው የጠበቃው ጸሐፊ ነው። ከግርጌ በኩል ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። ከአልጋው ሥር የተኛው ውሻዬ ነው። ጸሐፊው «ውሻውንም መጻፍ ያስፈልጋል?» ብሎ ጠይቆኛል። ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በርሱ ምክንያት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር አሳስባለሁ። የወንድሜ ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በየትኛውም ቦታ እንዳይጻፍ። ከኔ አፍ በማይገባው መንገድ ስንት ጊዜ ወጥቷል፤ ይበቃል።

አንደኛ፣ ስለ ዕዳ። የማንም ሰው ገንዘብ በእጄ የለም። ያለብኝ ዕዳ ሌላ ነው፤ በአራተኛው ላይ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥቃቅኑ ነገር። ድመቴን ለፋርማሲስቷ ሰጥቻለሁ። ድመቷ «ሚኒስትር» ትባላለች፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምንም ሳትሠራ እንግዳ ስለሚነሣላት ያወጣሁላት ስም ነው። ስሟ እንዳይቀየርባት። ከለመዱት ማዕረግ መሻር ለማንም ከባድ ነው። የዳማ ሰሌዳው ለልብስ ሰፊው ይሁን፤ የሚይዘው ሰው ስለማይኖር እንደ ልቡ ያጭበርብር። ለመምህሩ የማነብበትን መብራት ሰጥቻለሁ፤ ዓይኑ ከኔ ይብሳል፤ አላመነም እንጂ።

ሦስተኛ፣ ስለ ወርክሾፑ። ከአባታችን የወረስነው ወርክሾፕ መሃሉ በችፑድ ግድግዳ ተከፍሎ በሁለት በር ይሠራል። በግራው በኩል እኔ መስታወት እቆርጥ ነበር። በቀኙ በኩል ወንድሜ የሥዕልና የፎቶ ፍሬም ይሠራ ነበር፤ እርሱ ካረፈ ወዲህ ልጁ ትሠራለች። ደንበኛ ፍሬሙን ከርሷ ያሠራና በደጅ ዞሮ መስታወቱን ከኔ ያስገባል። ሲዘንብ ፎቶውን በኮቱ ሸፍኖ ይሮጣል። «መሃሉን ለምን በር አታወጡለትም?» የሚል ሰው ሲመጣ «ግድግዳው ጣራውን ተሸክሟል» እለዋለሁ። ችፑድ ምን ይሸከማል? የተሸከመው የኔን ኩርፊያ ነው።

የኔን ድርሻ በሙሉ፣ ከጠረጴዛውና አባታችን ከተወልን የመስታወት መቁረጫ ጋር ለወንድሜ ልጅ አውርሻለሁ። መቁረጫውን ሲይዙት ወደ ውስጥ መጫን አያስፈልግም፤ ድምፁን እየሰሙ መሳብ ነው። አንድ ጊዜ ካሳዩዋት ትችለዋለች፤ እጇ የአባቷ እጅ ነው። ችፑዱ ግን እኔ ከመቀበሬ በፊት ይፍረስ።

አራተኛ፣ ስለ ስም።

እኔ ስወለድ አባታችን በዘመኑ የገነነ ስም አወጣልኝ። ትምህርት ቤት ስገባ በአንድ ክፍል በዚሁ ስም የምንጠራ አራት ነበርን። አስተማሪያችን «ረጅሙ»፣ «አጭሩ»፣ «ግራኙ» እያለ ይለየን ነበር፤ እኔ «ሌላኛው» ነበርሁ። ወንድሜ በተወለደበት ዓመት ግን አያታችን አርፎ ነበርና የአያታችን ስም ለርሱ ደረሰ። የጥንት ስም ነው፤ ዛሬ የሚያወጣው የለም። ልጆች «የሽማግሌ ስም» እያሉ ሲስቁበት የምደባደብለት እኔ ነበርሁ። የፊት ጥርሴ የተሸረፈው በዚያ ስም ምክንያት ነው። ይህን የምናገረው ልመካበት ብዬ አይደለም፤ ኋላ ያደረግሁት ምን ያህል አሳፋሪ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ሁለታችንም ትዳር ከያዝን በኋላ ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል በቀጥታ ወርክሾፕ ሄጄ ወንድሜን «የአያታችንን ስም ለልጄ ላውጣለት» አልሁት። ፍሬም ላይ ምስማር እየመታ ነበር። ሳቀና «ጋሼ፣ እኔ በቁሜ? ስትጠራን ሁለታችንም ብንመጣ ማንኛችንን ልትመልስ ነው?» አለኝ። ቀልድ ነበር። እንደገና ብጠይቀው «ውሰደው» እንደሚለኝ አውቅ ነበር። አልጠየቅሁትም። ኮረፍሁ። ባለቤቴ ሌላ ስም ስታነሣ እምቢ፣ እናቴ ስታነሣ እምቢ አልሁ። ያ ስም ካልሆነ ሌላ አላወጣም ብዬ ድርቅ አልሁ። ሕፃኑን ሁለት ወር ሳይሞላው የሳንባ ምች ያዘውና ሞተብን። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ የተጻፈው «ወንድ ሕፃን» የሚል ብቻ ነበር።

ልጄ ስም ሳይኖረው የሞተው በኔ ኩርፊያ ነው። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ችዬው መቀመጥ ስላቃተኝ ጥፋቱን ወደ ወንድሜ አዞርሁት። «ስም ነፍገህ ገደልኸው» አልሁት፤ እርሱም መዶሻውን አስቀምጦ አለቀሰ። በማግስቱ ወርክሾፑን መሃል ለመሃል በችፑድ ከፈልሁት። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ደንበኛ ቡችላ ሰጠኝ። በወንድሜ ስም ጠራሁት።

ችፑድ ድምፅ አይከለክልም። ወንድሜ ከማዶ ሆኖ እየሰማ ስሙን ከፊት አስቀድሜ «ውጣ!»፣ «ዝም በል!»፣ «አትልከስከስ!» እል ነበር። የመንገዱ ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ለመደው። የከፋው መልመዱ ነው። ያ ውሻ ሲሞት ሁለተኛ አመጣሁና ስሙን አወረስሁት። አሁን ከአልጋው ሥር ያለው ሦስተኛው ነው። ሰው የአያቱን ስም ለልጁ ያወርሳል፤ እኔ ከውሻ ወደ ውሻ አወረስሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንዳቸውንም በዚያ ስም ጠርታ አታውቅም። «አንተ» ነበር የምትላቸው።

ወንድሜ አንድም ቀን አልተናገረኝም። ልብስ ሰፊው ሊያስታርቀን በሞከረ ቁጥር «ይጥራኝ እንጂ እመጣለሁ» ይለው ነበር።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገብቶ «ነግሬሃለሁ! እዚሁ በር ላይ ቆሜ ነግሬሃለሁ! ይጻፍልኝ!» ብሏል። ይጻፍለት። እውነቱን ነው።

አሁን የምናገረውን የወንድሜ ልጅ ሰምታው አታውቅም። ወንድሜ ሊያርፍ ሰሞን፣ አመሻሹ ላይ፣ የወርክሾፔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ይህ ውሻ ያኔ ቡችላ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ሄደብኝ። ስሙን ጠራሁ። ወንድሜ ከፋርማሲ መድኃኒቱን ይዞ እየመጣ ኖሯል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር አላየሁትም። ቀጥ ብሎ ቆመና ዞረ። ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል። ፊቱ ግን በራ፤ ይህን ሌላ ቃል ላገኝለት አልችልም። «አቤት ጋሼ!» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት «ጋሼ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። ቡችላው በእግሮቹ መሃል ሾልኮ ወደ እኔ ሮጠ።

«አዎ፣ አንተን ነው» ማለት እችል ነበር። ከዚያ የሚቀል ነገር አልነበረም። እኔ ግን «ውሻዬን ነው» አልሁት።

«እሺ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

የወንድሜ ልጅ ይህን ስትሰማ «ያን ቀን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሕፃኑን ወደ ሌላ ክንዷ አዛወረችና እንዲህ አለች፦ «አባዬ ያን ቀን እየሳቀ ነው የገባው። ‹ጋሼ ጠራኝ› አለን። እማዬ ‹ምን አለህ?› ስትለው ‹ሰው ነበረ፣ አላወራንም፤ ግን ጠራኝ› አላት። እራቱን ጨርሶ የበላው ያን ቀን ብቻ ነው። አጎቴ፣ ጠርተውት አልነበረም ማለት ነው?»

«አልጠራሁትም» አልሁ።

ጸሐፊው ይህም ይጻፍ እንደሆነ በዓይኑ ጠይቆኛል። ይጻፍ። ወንድሜ ስለ እኔ የተናገረውን ደግ ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሰምቼው ከራሴ ጋር አብሬ መተኛት ከብዶኛል። ያን ጊዜ ግን አልጋ ይዞ ሳለ «እርሱ ያስጠራኝ» ብዬ ተቀመጥሁ። ደርዘን እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነበር። ቀብሩ ላይ ይህ ውሻ ተከትሎኝ መጣ፤ ከኋላ አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ «ሂድ ከዚህ!» ሲለው ሰማሁ። ሣጥኑ ገና አልወረደም ነበር። የሰማ ሁሉ አቀረቀረ፤ ያስለመድሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲስቷ መድኃኒት ስታመጣልኝ ስለ ሕፃኑ ጠየቅኋት። «ማሙሽ ነው የሚሉት አባባ፤ እስካሁን ስም የለውም» አለችኝ። «ለምን?» ስላት «የአባቷን ስም ልታወጣለት ትፈልጋለች። ሰፈሩ የውሻ ስም ነው እንዳይለው ትፈራለች። ሌላ ስም ደግሞ አፏ አልል ብሏታል። የክትባት ካርዱ ላይ ‹ወንድ ሕፃን› ተብሎ ነው የተጻፈው» አለችኝ። ሁለት ወሩ ነው አለች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በጠዋቱ ጸሐፊው ይጠራልኝ አልሁ።

ስለዚህ እንዲህ አዝዣለሁ። የወንድሜን ስም ከውሻው ላይ አንሥቻለሁ። ቀድሞም የኔ አልነበረምና ሰጠሁ ማለት አልችልም፤ ለባለቤቱ መልሻለሁ። የወንድሜ ልጅ ብትፈልግ ታውጣው፣ ባትፈልግ ትተወው። ርስቴ በዚህ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ወርክሾፑ በየትኛውም መንገድ የርሷ ነው። ይቅር በይኝ ብዬ እዚህ አላስጽፍም፤ በምስክር ፊት የተጠየቀ ይቅርታ እምቢ ለማለት ያስቸግራል። ልጅቱን ከዚህ በላይ ላስቸግራት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እለምናታለሁ፦ ያም ሆነ ይህ ሕፃኑ ስም ይውጣለት፤ ዛሬ ነገ አትበይ።

ውሻውም ያለ ስም እንዳይቀር የራሴን ስም ሰጥቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲጠራው፣ ሲያባርረውና ሲሰድበው በኔ ስም ይሁን። የሚያድረው ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ እኔን በስሜ መስደብ የለመደ ሰው ስለሆነ አይቸገርም።

መምህሩ «ውሻ በዚህ ዕድሜው አዲስ ስም አይለምድም» ብሎ ስለተቃወመ ይሞከር አልሁ። ፋርማሲስቷ ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ስሜን ጠራች። ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነሣም። «አቤት» ያልሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቁ፤ የወንድሜ ልጅ አልሳቀችም። ቢሆንም ትእዛዙ ይጽና። አፍ የለመደውን አፍ ይተወዋል፤ ውሻውም ቀስ በቀስ ይቀበለው ይሆናል።

ጸሐፊው ይህን እስከዚህ ድረስ አንብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ካነበበ በኋላ የሆነውን ግን እንዲጨምርበት ያዘዝሁት እኔው ነኝ።

የወንድሜ ልጅ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ብርሃኑ ላይ ሆና የሕፃኑን ፊት አየች፤ ቆይታ አየችው። ከዚያም ወደ እኛ ዞራ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ፣ ልጇን በአባቷ ስም ጠራችው።

ከአልጋው ሥር ኮሽታ ተሰማ። ውሻው ስሙን ሰምቶ እየተሳበ ወጣ። የኋላ እግሩ ያመዋል፤ እያነከሰ ወለሉን አቋርጦ ሄደና አፍንጫውን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። «አስወጡልኝ! በናታችሁ አንዳችሁ አስወጡልኝ!» አልሁ። ልብስ ሰፊው ሊይዘው ተነሣ።

እርሷ ግን ሕፃኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላኛውን እጇን ውሻው ራስ ላይ አኖረች።

«ይተዉት አጎቴ» አለችኝ። «አባዬም ሲጠሩት ይመጣ ነበር።»

የተናዛዥ ፊርማ፦ መስታወት ቆራጩ፣ የውሻው ሞክሼ።

ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊው ፈርሟል። ፋርማሲስቷ ፈርማለች። መምህሩ ያለ መነጽር ሁለት ጊዜ ፈርሟል።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ የሕፃኑ እናት ከተናዛዡ ትእዛዝ ውጭ የልጇን ስም በዚህ ገጽ ኅዳግ ላይ በእጇ ጽፋለች። ለተናዛዡ ተነብቦለት፣ «አይሰረዝ» ብሏል።