ሰኞ ስትቀርብ ዝም እንዳትል

ለውድ ወንድሜ ለኢፋ ዱጉማ፦

እንደምን ሰንብተሃል? እግርህስ እንዴት ሆነ? ጀሶው ተፈታልህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ጣሪያው ላይ አፍጥጠህ ታድራለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቁጣቸው ሙሉ ጤነኛ ነው። ነገሩን በስልክ ሳነሳብህ ኔትወርክ ጠፋ እያልክ ስለምትዘጋብኝ በወረቀት አድርጌዋለሁ።

አውሮፕላናችሁ ነዳጅ ጨርሶ እርሻ ላይ መውደቁን የሰማሁ ዕለት ለልደታ ማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ። የሞተ ሰው የለም ሲባል ስለቴን በማግስቱ አስገባሁ።

ከዚያ ደብዳቤህ መጣ። የምታርፉበት ከተማ በጉም ተሸፍኖ ካፒቴኑ አሁን ይገለጣል፣ አሁን ይገለጣል እያለ ከላይ ሲዞር፣ ወደ ሌላ ከተማ መሄጃው ነዳጅ ማለቁን ጻፍክልኝ። አንተም ረዳት አብራሪው ሆነህ አንዴ በለሆሳስ ብንሄድ አይሻልም ወይ ብለህ፣ ሲቆጣህ ዝም አልክ። እሱስ ይሁን፣ ሆነ። አሁን ግን ሰኞ የአደጋው አጣሪዎች ፊት ቀርበህ «የነዳጅ መለኪያውን አላየሁም» ልትል አስበሃል፤ እንደ አባት ሆኖ ያስተማረኝን ሰው አላዋርድም ብለህ። ኧረ ተው አንተ ልጅ!

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ስንቱን «አላየሁም» ሰምቻለሁ መሰለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ብትዋሽ ካፒቴኑም አይድንም፣ አንተም ዳግመኛ አትበርም። ነገ በሌላ አውሮፕላን ያንተን ወንበር የያዘ ሰውም እንዳንተው ፈርቶ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ላይተርፍ ይችላል።

አትቆጣኝና ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ማረም በቤታችን ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ። ሜክሲኮ እንሄዳለን ብለው የተሳሳተ ታክሲ ሲያሳፍሩን፣ እኔና አንተ እያወቅን ትንፍሽ ሳንል ጦር ኃይሎች የወረድንበት ቀን ትዝ አይልህም? ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ የተቆጡት እኛኑ ነበር። አሁን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦

«ዝም በል እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አየሁ ይበል፤ ፈርቼ ዝም አልኩም ይበል። አባትህ ፈቅዶልሃል በይው።»

አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ። በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ባለቤቴ ሀብተ ማርያም አይዞህ ይልሃል። ጎረቤታችን እማማ ወለተሰንበት በጸሎታቸው ያስቡሃል። አባባ ሰላም ብለውሃል። ልጄ ሶሲ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ትናንት አባባ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሁለተኛ ሊውጡ ሲሉ «አባባ፣ ቅድም ውጠዋል እኮ» አለቻቸው። እኔ ቁጣውን ስጠብቅ ጭልፋ እንደያዝኩ ቀረሁ። አባባ ክኒኑን መለሱና ግንባሯን ሳሟት።

እህትህ እንዳለች ዱጉማ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.