የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ

«ሥራው በአውቶሜሽን ስለተሸፈነና ሰርቨሮቹ ወደ ክላውድ ስለተዛወሩ፣ የክፍሉን ቁልፍ እስከ ዓርብ ለጥበቃ ያስረክቡ።»

ታናሽ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ከላይ የገለበጥኩልህ አለቃዬ የጻፈልኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ላገለገለ ሰው አንዲት «እናመሰግናለን» እንኳ አላስገባበትም።

ሦስት ወር ሙሉ «የምታውቀውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ጻፍልን» ሲሉኝ ጻፍኩላቸው። ሥራዬን ያለ ሰው የሚሠራው አውቶሜሽን የተሠራው በዚያ ነው። ይሳሳታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። እንዴት ይሳሳታል? የጻፍኩት እኔ ነኝ!

ቁልፉን ሳስረክብ ዘበኛው «ጋሼ፣ ባዶ ክፍል ልጠብቅ ነው እንግዲህ?» ብሎ ሳቀ።

«አንተስ የምትጠብቀው አለህ» አልኩት።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ክራቫቴን አስሬ እወጣለሁ። ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ምሳ መናፈሻው ውስጥ እበላለሁ። ስለ መሥሪያ ቤቴ ከጠየቀችህ «ሥራ በዝቶበታል» በላት።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ ጤናችሁ ይብዛ። እዚያ አንተ ዘንድ ሰርቨሩን ገና በሰው የሚያስጠብቅ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ከሌለም የለም ብለህ፣ እስከ ወሩ ሃያ አምስት በጽሑፍ መልስልኝ። ቤት እንዳትደውል። በፖስታ ሣጥኔ ላከው፤ የእሱ ቁልፍ ገና በእጄ ነው።

ታላቅ ወንድምህ