ከሥራ ስላስቀረችኝ አንዲት «ሽ»

ለተከበራችሁ የዓሣ ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የፈተና ቦርድ አባላት
ናይሮቢ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናችሁ እንደ ወንበሮቻችሁ የተደላደለ፣ ሳቃችሁም እንደዚያን ቀን የማያልቅ እንዲሆን እመኛለሁ። ባለፈው ወር ለዓሣ መርማሪነት ጠርታችሁኝ ፊታችሁ የቀረብሁት ሚልካ አፖንዲ ነኝ። ስሜን ባታስታውሱት እንኳ «ፊስ» ያለችው ልጅ ብትባሉ አትረሱኝም። ምስጋና ስላለብኝ፣ አባቴም ጋዜጣ ስለማያነቡ፣ እነሆ በጋዜጣ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ገብቼ ሰላም ስላችሁ አንዳችሁም ስላልመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኛ ሐይቅ ዳር ሰላም ሳንባባል ጀልባ እንኳ አንገፋም፤ ለካ ጊዜ ስናባክን ኖረናል። ክብርት ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ «ተቀመጪ፣ ቶሎ ቶሎ በይ» ማለታቸውም በቂ አቀባበል ነበር።

፪ኛ. ስለ ትምህርቴ አንድም ነገር አልጠየቃችሁኝም። አራት ዓመት ሙሉ የዓሣ ዓይን ስመለከት የኖርሁት ለራሴ ደስታ ኖሯል።

፫ኛ. ለዚህኛው ቃል ያጥረኛል። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች፣ ሉዎዎች፣ በእንግሊዝኛ «ፊሽ» ልንል ስንነሣ ምላሳችን «ፊስ» ይላል፤ ዓሣው ግን በዚህ ተቀይሞን አያውቅም። ቃሉ ካፌ እንደወጣ ሰብሳቢዋ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። «አንዴ ደግሞ፣ እኚህ አልሰሙሽም!» አሉ። አራት ጊዜ አስባላችሁኝ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት በስተቀኝ የነበሩት አቶ ኦዴሮ ናቸው፤ ስማቸው ከእኛው አገር ነው፣ ምላሳቸውን መቼ እንዳቀኑት አላውቅም። ሲስቁ የሚያዩት ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አልነበረም። በጣም ያዘንሁት በእርሳቸው ነው።

አባቴ ዛብሎን ኦምቡራ ከሐይቅ ዳሯ ከተማችን ከምቢታ ድረስ በአውቶቡስ ሸኝተውኝ፣ ከመስኮታችሁ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ስወጣ ብድግ ብለው «ሰማኋቸው እኮ! እንዴት አባታቸው ነው የሳቁት! ሰው ካልወደደ እንደዚያ አይስቅም፤ ሥራው ያንቺ ነው ልጄ!» አሉኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ አቃተኝ። «አዎ አባባ፣ ደግ ሰዎች ናቸው» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ መረብ ለሚጠግነው ሁሉ የናይሮቢ ትልልቅ ሰዎች ከልጃቸው ጋር እንዴት እንደተሳሳቁ ያወራሉ። «አላለፍሽም» የሚለውን ደብዳቤያችሁን ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ፤ በላዩ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

ጊዜያችሁን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ያስቀመጣችሁኝን ወንበር በክብር የምመልስላችሁ፣
ሚልካ አፖንዲ ኦምቡራ
ዓሣ የምታውቅ፣ «ሽ» የማታውቅ

ማስታወሻ፦ አባቴ «ሳያመሰግኑ መቅረት ነውር ነው» ብለው የፊታችን ረቡዕ ወደ ቢሮአችሁ ይመጣሉ። ይተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ። በገዛ እጃቸው በጭስ ያደረቁትን ዓሣ ይዘውላችኋል፤ በእንግሊዝኛ የሚሉትንም ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ሰንብተዋል፤ ያቺ ቃል ሁለት ጊዜ አለችበት። ብትስቁ አይከፋቸውም፤ ወደዱኝ ብለው አብረዋችሁ ይስቃሉ። አቶ ኦዴሮ፣ እርስዎ ግን እባክዎን በቋንቋችን ሰላም ይበሏቸው።