ሰኔ ላይ የተከፈተው ግጦሽ

ውድ ወንድሜ ባሱ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ደህንነትህን ሆቴላችሁ መንገድ ዳር ባቆመው ትልቅ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። የአባታችንን በርኖስ ደርበህ ትስቃለህ። ምንጭ ዳር ሴቶቹ «ባሱ እንዴት አምሮበታል!» ይሉና እኔን ሲያዩ ወሬ ይቀይራሉ።

ትናንት በስልክ የላክኸው ድምፅ ደረሰኝ። «ቱዳዬ፣ ዘንድሮም ሰኔ ላይ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፣ ከበሮውን አዘጋጁ» ትላለህ። አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?

አባታችን አግዳላችንን፣ ያን የመንደሩን የጋራ ግጦሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀው። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ፣ ሣሩ አብቦ ዘሩን እስኪጥል ድረስ፣ አንድ በግ አይገባበትም። ከዚያ ጠባቂው ሲጣራ መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን መንጋውን ይነዳል። አባታችን ሲሞት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጥሪውን ለአንተ ሰጡ፤ አንተ ደግሞ ለሆቴሉ ሰጠኸው። በብርዱ ወራት በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚመጣው እንግዳ አልበቃቸው ብሎ፣ ለሙቀቱም ወራት ትርኢት ፈለጉ፤ አንተም ጥሪውን ከነሐሴ ወደ ሰኔ ሳብከው።

«ለምን ሰኔ?» ብለን ስንጠይቅህ፣ «ነሐሴ ላይማ እንግዳ የሚሄደው ወደ ባሕር ነው» አልክ።

«ታዲያ እኛም በጎቻችንን ይዘን ባሕር እንውረድ?» አለህ አያ ሐዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅህ።

አምና ያን ቀን እንግዶቹ ወንበር ላይ ተደርድረው በጎቹ እየተጋፉ ገቡ። ለአንተ ስንል እልል አልን። ያቺ ከካዛብላንካ የመጣችው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እየሮጠች ደረሰች።

«እልል በሉ እንጂ!»

«አሁን አልነበር እንዴ ያልነው?» አለቻት አክስታችን ይጦ።

«ካሜራው አልያዘውም። በጎቹን መልሷቸውና እንደገና ይግቡ።»

ዞሬ አየሁህ። እምቢ ትላለህ ብዬ ነበር። አፏጭተህ መለስካቸው። ለጋውን ሣር ሁለቴ ረገጡት። አንዴ ከተጠራ በኋላ ደግሞ መንጋውን ማን ያስወጣዋል? ነሐሴ ስንደርስ የጠበቀን አቧራ ነው።

አክስታችን በመከር መንጋዋን ለነጋዴ ሸጠች። አሁን የእንግዶችህን አንሶላ ታጥባለች። እጇን ሳሙና በልቶታል፣ ቀልዷን ግን አልተወችም፦ «በጎቼ ሱፍ ይሰጡኝ ነበር፤ የባሱ መንጋ የሚሰጠኝ እድፍ ብቻ ነው።»

ዓርብ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጥሪውን ነጠቁህ። «ለማን እንስጥ?» ሲባባሉ አክስታችን ከበር ቆማ የእኔን ስም ጠራች።

«ሴት ግጦሽ ስትጠብቅ የት አይተሻል?» አሏት።

«ወንዱንማ አየነው» አለች። እነሱም ጥሪውን ለእኔ ሰጡ።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ከበሮ የሚባል ነገር የለም። ነሐሴ ላይ ብቻህን ና፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፣ ከምበላውም ትበላለህ። ሰኔ ላይ እንግዶችህን ይዘህ ከመጣህ ግን የአግዳሉ መግቢያ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። ገፍተኸኝ ማለፍ ትችላለህ፣ ጉልበቱ አለህ። ካለፍክ በኋላ ግን እዚህ አገር እህት አለችኝ እንዳትል።

የግጦሹ ጠባቂ፣
ቱዳ